የአራተኛው ክፍል ጉድጓድ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ደንቡ ያው ነው፤ የጻፍኩትን ወደ ኋላ አላነብም። ሃያ ስምንት ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስለኖርኩ የራሴን ጽሑፍ ካየሁ ቀይ እርሳስ ማንሳቴ አይቀርም፣ ያኔ ማስታወሻነቱ ቀርቶ ሥራ ይሆንብኛል።

ዛሬ አምድ የምጽፍለት መጽሔት የምፈርድበት መጽሐፍ ላከልኝ። «ጨው የበላው ግንብ» ይባላል፤ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ሰባት ክፍል ያለው የምናብ ጀብዱ። ደራሲዋ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አዘጋጁ በስልክ «አሳታሚው ሁለተኛ ዕትም ለማውጣት የእርስዎን ፍርድ ነው የሚጠብቀው። እርስዎ ካጣጣሉት ልጅቷ አለቀላት» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለንባብ ብቻ አይጻፍም። ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንድ አጫዋች መጽሐፉን ይዞ ፊታቸው ያለውን ይነግራቸዋል፣ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ያጠራጠረውን የሚወረወር ዳይስ ይወስነዋል። አጫዋቿ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳላጫውት በአንድም መጽሐፍ ላይ ፈርጄ አላውቅም። በዚህ እኮራለሁ። ባሌ ደግሞ በኩራቴ ይቀልዳል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጀመርን። ተጫዋቾቼ እንደ ወትሮው ሦስት ናቸው። ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ በጨዋታ ላይ ግዙፍ ካልሆንኩ ይላል። ልጃችን የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ በሚሊግራም ስትለካ ስለምትውል እዚህ ሌባ ትሆናለች። ሦስተኛው የባሌ ጓደኛ፣ ልብስ ሰፊው ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ ጀምሮ ማንኛውንም ነገር ከመወሰኑ በፊት «ቆይ ቆይ» ስለሚል ስሙ ቆይ-ቆይ ሆኖ ቀርቷል። በጨዋታው ጠንቋይ ነው፣ መዝገብ ያዣችንም እሱ ነው። በየቅዳሜው የሆነውን የደንበኞቹን ልክ በሚጽፍበት ደብተር ጀርባ ያሰፍራል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ፊደል ግን ይገድፋል፣ ስለዚህ ደብተሩን አላየውም። ካየሁት እንጣላለን።

አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል አለቁ። ጥንካሬ፦ የቁልፍ ጠባቂዋ አሮጊት። ስትናገር ሰው ትሆናለች። ድክመት፦ ሁለተኛው ክፍል ጮክ ተብሎ የሚነበብ አንድ ገጽ ተኩል አለው። ባሌ አንቀላፋ፣ «ግዙፎች እንቅልፍ ይወዳሉ» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ትናንት ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል። ጠዋቱ ጸጥ ስላለ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

አራተኛው ክፍል ባዶ ነው፤ መሐሉ ላይ ጉድጓድ ብቻ አለ። በሩ ከኋላ ይዘጋል። ከጉድጓዱ ድምፅ ይወጣና አንዱን «ማን ነህ?» ይለዋል። የተጠየቀው ስለ ራሱ ከመለሰ፣ ምንም ይበል ምን፣ ውሃው አንድ ስንዝር ይወጣል። ዝም ካለም ቀስ እያለ ይወጣል። በሩ የሚከፈተው ጓደኛው ስለ እሱ ሲመልስለት ብቻ ነው፤ ያውም ስሙን ሳይሆን፣ እሱ እንጂ ሌላ ሰው ሊሆን እንደማይችል የሚያሳይ ነገር ተናግሮ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አላወቁትም። ልጄ የሌባዋን ስም፣ የሌባዋን አባት ስም፣ የሰረቀችውን ሁሉ ዘረዘረች። ውሃው ደረቷ ደረሰ። ባሌ «እኔ ግዙፍ ነኝ፣ ለምን አልረግጠውም?» አለ። ቆይ-ቆይ አፍንጫው ድረስ ሰጥሞ «ቆይ፣ ቆይ» ሲል ባሌ ትዕግሥቱ አልቆ «ይኼ ሰውዬ ሞት ራሱ በሩን ቢያንኳኳ ቆይ የሚል ነው!» ብሎ ጮኸ። መጽሐፉን አየሁና «ውሃው ቆመ» አልኳቸው። ከዚያ ሳቁ መጣ። ስለ ገጸ ባሕርያቸው መናገር የነበረባቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው መናገር ጀመሩ። ቆይ-ቆይ ልጄን «ሰው ሲታመም ሳትጠራ የምትመጣ» አላት፣ ልጄ ዓይኗን ጠራረገች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ካጫወትኳቸው ክፍሎች ሁሉ ይህ ይበልጣል። ግን ሳነበው ፈራሁ። እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመቶቿ ምግብ ሳቀርብላት ቀና ብላ «አንቺ የማን ነሽ?» ትለኝ ነበር። ስለዚያ መጻፍ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጽሑፍ ሳርም ጫማዬን አወልቃለሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው፤ እግሬ ካልተፈታ ዓይኔ አይሠራም። ዛሬ ከሥራ ስወጣ፣ ለመጸዳጃ ቤት ብዬ ከጠረጴዛዬ ሥር ያስቀመጥኳትን ሰማያዊ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጌ ኖሯል። በሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ዳቦ ገዝቼ፣ ደረጃ ወጥቼ ቤት ደረስኩ። በር የከፈተልኝ ባሌ እግሬን አየ። ሄዶ ሻይ ጣደ።

ሥራ በዝቶብኛል። ያለፈው ዓመት ሪፖርቶች ሁሉ በአንድ ሳምንት ነው የሚመጡት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ባለፈው ቅዳሜ ባሌ ተረኛ ስለነበር አልተጫወትንም። አዘጋጁ ደወለ። ኅዳር ማብቂያ ላይ ይፈልገዋል።

መነጽሬን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት። ልጄ አግኝታው ብትሆን ኖሮ ወሬው ዓመት ይቆይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

አምስተኛው ክፍል። ጠመዝማዛው ደረጃ። የቁልፍ ጠባቂዋ አሮጊት እንድትከተላቸው ለመኗት፣ ተከተለቻቸው፣ ዳይሱ ላይ አንድ ወጣ፣ ወድቃ ሞተች። በመጽሐፉ ውስጥ የለም፣ እኔ ነኝ የገደልኳት። አጫዋች እንዲህ ያለ ሥልጣን አለው። ቆይ-ቆይ ባርኔጣውን አወለቀላት። ሳላስበው አዘንኩ።

ካርታው ላይ ልኬት የለም፤ ደረጃው አሥር ክንድ ይሁን መቶ አይታወቅም። ይህ እውነተኛ ድክመት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ የሆነውን ቶሎ ልጻፍና ልገላገለው። የሳል መድኃኒት መግለጫ ነበር፤ አራት ገጽ። አንድ ገጽ ታርሞ ሲያልቅ ግርጌው ላይ እፈርማለሁ። ፊደል ለቃሚዋ ልጅ ወረቀቶቹን ይዛ መጣችና «እትዬ፣ እዚች ላይ ሦስት ጊዜ ፈርመዋል» አለችኝ። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ፊርማዬ ሦስት ቦታ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ምንም። ሦስተኛው ገጽ ለሕፃናት ስንት ማንኪያ እንደሚሰጥ የሚናገረው ነው። የአሥርዮሽ ነጥቧ ቦታዋን ስታለች።

ጫማዬን አጥልቄ ወደ ኃላፊው ልሄድ ስል ከኮሪደሩ ድምፁን ሰማሁት። «እሷ ያየችውን ሌላ ሰው ደግሞ ይየው። እንዳታውቅ ግን።» ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ እኔ ራሴ ስለ ሌሎች እንዲህ ብያለሁ።

የተኛሁት በቂ አይደለም፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለባሌ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አራተኛው ክፍል። ጉድጓዱ። በጣም ጓጉቼለት ነበር፣ ግን አሳዘነኝ። ጉድጓዱ «ማን ነህ?» ብሎ ባሌን እንደጠየቀ ልጄ ወዲያው «በቀይ መብራት ላይ የሚያንጎራጉር ሰው ነው» አለች። ባሌም ወዲያው ስለ ቆይ-ቆይ መለሰ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ማንም አልሳቀም። ቆይ-ቆይ መጀመሪያ ላይ «ቆይ፣ ይኼ...» ብሎ ጀመረና ድንገት ዋጠው፣ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር የተመታ መሰለኝ። ይህ ሰው ሳይቆይ ሲቀር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው።

በማስታወሻ ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት፦ «አራተኛው ክፍል፦ በጣም ቀላል። እንቆቅልሹ ራሱን ያጋልጣል። አምስት ደቂቃ።» ስንበላ ለሁሉም ነገርኳቸው። «ምርጥ ሐሳብ አግኝታ አበላሸችው፣ እጽፈዋለሁ» አልኩ። ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። «እማ፣ እኛ ደክሞን ይሆናል። እሱን አትጻፊው» አለችኝ። ዳኝነት በይሉኝታ አይሆንም አልኳት። ተነስታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች፣ ገና በልተን ሳንጨርስ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ልጄ ጠዋት መጣች። ሐሙስ ከአንዲት ሐኪም ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ አለችኝ።

«ለማን?» አልኳት።

«ላንቺ። ለመነጽርሽ።»

«የዓይን ሐኪም ናት?»

የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ውሸት አይሆንላትም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ሐሙስ ሥራ አለኝ ብዬ ዘጋሁት። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወጣች። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ያውቃል፣ እኔ በምገባበት ክፍል ሁሉ ወሬ ይቋረጣል። ወይስ እኔ ነኝ ነገር የማጋንነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኃላፊው ወደ ጥሪ ካርዶች አዘዋወረኝ። «ትንሽ አረፍ እንድትይ ብዬ ነው» አለኝ። የሠርግ ካርድ ላይ ከሙሽሮቹ ስምና ከሰዓቱ በቀር የሚታረም ነገር የለም። እያንዳንዱን አራት ጊዜ አነበብኩት። አምስተኛ ጊዜ ማንበቤን የነገረችኝ ፊደል ለቃሚዋ ናት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ቆይ-ቆይ ጉንፋን ይዞት አልመጣም። ባሌ ብቻዬን እንዳልሆን ፈልጎ መሰለኝ በአውቶቡሱ መስመር ይዞኝ ዞረ። ከእሱ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን አነበብኩ። ትልቅ ስህተት አገኘሁ። የቁልፍ ጠባቂዋ አምስተኛው ክፍል ውስጥ ሞታ ሳለ ስድስተኛው ክፍል ውስጥ፣ ገጽ ሰማንያ አራት ላይ፣ ተቀምጣ ቁልፍ ትቆጥራለች። አንዲት ደራሲ የገደለችውን ሰው እንዴት ትረሳለች? በቀይ እርሳስ አከበብኩት። የሚገርመው ልቤ ቀለል አለኝ። ቢያንስ ይህን የሚያይ ዓይን አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አዘጋጁ እስከ ማክሰኞ ብሏል። ደራሲዋ መጽሐፏ በማን እጅ እንዳለ ስለምታውቅ በየቀኑ እየደወለች እንደምትጠይቀው ነገረኝ። «የእርስዎን አምድ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ቆርጣ ትሰበስባለች» አለኝ። ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ዛሬ አራተኛውን ክፍል አጫወትኳቸው። እንዴት ያለ ክፍል ነው። ሁለት ሰዓት ሰጠሙ። ልጄ የሌባዋን ስም ተናገረች፣ ውሃው ወጣ፤ ባሌ ጉድጓዱን ልርገጠው አለ፣ ውሃው ወጣ። ቆይ-ቆይ አንገቱ ድረስ ሆኖ «ቆይ ቆይ» ይላል። ብቻ አንዳንዴ ከውሃው ይልቅ እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ። በመጨረሻ ባሌ ስለ ቆይ-ቆይ መለሰና በሩ ተከፈተ። ሲስቁ የልጄ ዓይን ቀላ።

ከዚያ ልጽፍ ብዬ የማስታወሻ ወረቀቴን አወጣሁ። በእጄ ጽሑፍ፣ በቀይ፦ «አራተኛው ክፍል፦ በጣም ቀላል። አምስት ደቂቃ።»

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፣ የእኔ ነው፤ የእኔ «ቀ» እግሯን ወደ ውስጥ ታጥፋለች። መጀመሪያ መጽሐፉን ሳነብ የገመትኩት ይሆናል። ግን ሳላጫውት ፈርጄ አላውቅም። ባሌን «ይህን መቼ ነው የጻፍኩት?» አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «እኔ እንጃ» አለኝ። ባሌ «እኔ እንጃ» የሚለው ሲያውቅ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ላክሁት። ቸኩዬ ነው፣ ግን አለቀ። ሁለት ዓይነት ማስታወሻ ስለነበረኝ የበለጠ ጥብቅ የሆነውን ወሰድኩ፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው እሱ ነው። ዋናዎቹ ድክመቶች፦ የአራተኛው ክፍል እንቆቅልሽ በአምስት ደቂቃ ይፈታል። አምስተኛው ውስጥ የሞተች ስድስተኛው ውስጥ በሕይወት አለች። የሰባተኛው ክፍል መዝጊያ ችኩል ነው። «ሰባቱንም ክፍሎች አጫውቼ ጨርሻለሁ» ብዬ እንደ ልማዴ ጀመርኩ፣ «ደራሲዋ የራሷን መጽሐፍ አታስታውስም» ብዬ ጨረስኩ። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ስትጻፍ ደስ አለችኝ። አሁን ደስ አላለችኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

አዘጋጁ እንደ ደንቡ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ለደራሲዋ አሳይቷታል። ዛሬ መልሷን ላከልኝ። አንድ ገጽ ነው።

«የተከበሩ ዳኛ፦ ስለ ሁለተኛው ክፍል ርዝመትና ስለ ካርታው ያሉት ልክ ነው፣ አፍሬያለሁ፣ አርመዋለሁ። የቁልፍ ጠባቂዋ የሞተችበትን ቦታ ግን ሦስት ቀን ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት የእርስዎ ቅጂ ላይ የማተሚያ ቤት ስህተት ተፈጥሮ ይሆን? ገጹን ቢነግሩኝ። እኔ እሷን ልገድላት አልችልም፣ በአያቴ አምሳል ነው የሣልኳት።»

መጽሐፉን አወጣሁ። አምስተኛውን ክፍል ከፊት ወደ ኋላ አነበብኩት፣ ከዚያ ቁጥር ሲታረም እንደሚደረገው ከታች ወደ ላይ። አልሞተችም። የትም ቦታ አልሞተችም። እኔ ግን ስትወድቅ አይቻታለሁ። ባርኔጣ ያወለቀላት ሰው ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ጠዋት ወደ ልብስ ስፌቱ ሄድኩ። ቆይ-ቆይ ኮት ላይ እጅጌ እየሰካ ነበር። ደብተሩን ስጠኝ አልኩት።

«ቆይ ቆይ» አለኝ። «ፊደል ትገድፋለህ ብለሽ ልትሰድቢኝ ነው?»

«አልሰድብህም። ስጠኝ።»

መርፌዎቹን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣ። «ከባለቤትሽ ጋር ብታዪው አይሻልም?» አለኝ። ስጠኝ አልኩት ለሦስተኛ ጊዜ። ሰጠኝና ጀርባውን አዞረ።

ከልኬቶቹ ጀርባ፣ በዚያ ቆንጆ እጅ ጽሑፉ፣ እዚህ እንዳለ እገለብጠዋለሁ። ግድፈቱን አላረምኩም።

«ጥቅምት 16። ሶስተኛና አራተኛ ክፍል። ሁለት ሰአት ሰጠምን። እንደዚህ ስቄ አላቅም።»

«ጥቅምት 30። አምስተኛ ክፍል። አሮጊቷ ሞተች። መፅሀፉ ላይ የለም፣ ዳኛዋ ነች የገደለቻት።»

«ህዳር 7። አራተኛ ክፍል እንደገና። እንደ አዲስ ነው ያነበበችልን። ልናገር ስል ልጅቷ እግሬን ረገጠችኝ። ቶሎ እንድናልፈው ቶሎ መለሱ። ወደ ቤት ስሄድ አለቀስኩ።»

«ህዳር 21። አራተኛ ክፍል ለሶስተኛ ጊዜ። ቀላል ነው ብላ ልትፅፍ ስለሆነ ልጅቷ ሆን ብለን እንሳሳት አለች። ሁለት ሰአት ሰጠምን። ስድስተኛና ሰባተኛ እስካሁን አልገባንም።»

እዚያው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የስፌት መኪናው ቆሟል። ቆይ-ቆይ ጀርባውን እንዳዞረ «ጥሩ ክፍል ነው» አለ። «እኔ አራተኛም ብትደግሚው እገባለሁ።»

ቤት ስደርስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ደብተር ወደ ኋላ አነበብኩት። ሁሉም ነገር አለ። በገዛ እጄ፣ ከነቀኑ። ጥቅምት 17፣ ኅዳር 7፣ ኅዳር 21፤ ሦስቴ እንደ አዲስ የተጻፈ አንድ ክፍል። አሮጊቷን መግደሌን እንኳ ጽፌዋለሁ። ደራሲዋ የራሷን መጽሐፍ አታስታውስም ብዬ ጻፍኩባት። አያቷን የሣለችበትን መጽሐፍ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ እንደ ልጅ ፈራሁ፣ የምጠራት እናት ግን የለችኝም፣ እሷም በዚሁ መንገድ ነው የሄደችው።

ከዚያ ለአዘጋጁ ደወልኩ። ጽሑፌ እንዳይታተም ከገጹ አውጣው አልኩት።

«እንዴት ይሆናል? ገጹ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ሰኞ ይታተማል።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ማተሚያ ቤት ነው ያለሁት። ሰኞ ከሚታተም ገጽ ቅዳሜ ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል። ማስታወቂያ አስገባበት።»

«ለአሳታሚው ግን ምን ልበለው? ምክንያቱን ይንገሩኝ እንጂ።»

ውሸት ፈልጌ ነበር። ጉንፋን፣ የጠፋ ወረቀት፣ ምንም። «ሳላጫውት ፈረድኩ» አልኩት። «ያጫወትኩትንም ረሳሁት። ታምሜያለሁ መሰለኝ።» ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማው ባሌ አይደለም፣ ልጄ አይደለችም፣ በአካል አይቼው የማላውቅ አዘጋጅ ነው። «እሺ፣ አወጣዋለሁ» አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ነገርኳቸው። ልጄ ጠንካራ መምሰሏን ትታ ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ባሌ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። «የነጠላ ጫማዋ ቀን ልነግርሽ ነበር» አለ። «አፌ አልታዘዝ አለኝ።» ተቆጥቻቸዋለሁ፤ ሦስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሲያስመስልልኝ። ደግሞ ስንቱ ሰው ነው ለሌላው ሲል ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ የሚሰጥም? ሁለቱንም ስሜት በአንድ ሆድ ይዣለሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ሐኪሟ ጋ ሄድን። ብዙ ጠየቀችኝ። ሁሉን አልጽፍም። ምርመራው ገና ነው፣ ግን ልጄ መኪና ውስጥ የመኪናውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ጣለችው።

ለደራሲዋ ጻፍኩላት። ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ አይደለም፣ የእኔ ነው አልኳት። አያትሽን እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ትናንት መጽሐፉን ጨረስን። አጫዋቿ ልጄ ነበረች፤ እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋች ሆንኩ። ምን መሆን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ የቁልፍ ጠባቂዋን አሮጊት አልኳት። ቆይ-ቆይ «ቆይ፣ ሞታለች ብለሽን ነበር እኮ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ ባሌም ሳይቀር።

ፍርዴ ዛሬ ተጽፏል፣ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ሁለተኛው ክፍል ረዝሟል፣ ካርታው ልኬት የለውም፣ መዝጊያው ግን ችኩል አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲጨርሱት ክፍት የተተወ ነው፣ ሲነበብ አይታወቅም፣ ሲጫወቱት ነው የሚታወቀው። ስለ አራተኛው ክፍል እንዲህ አልኩ፦ «ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ አጫውቼዋለሁ፤ ሁለቱን የማላስታውሰው በራሴ ምክንያት ነው። ሦስቱንም ጊዜ በሩ ተከፍቷል። ከዚህ በኋላ ይህን አምድ የሚጽፍ ሰው መጽሔቱ ይፈልግ።» አዘጋጁ ያቺን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እናውጣት ብሎ ለመነኝ። አትነካም አልኩት።

ከስድስተኛው በፊት አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ አራተኛው ክፍል ውስጥ ልግባ አልኩ። አውቄ፣ ለአራተኛ ጊዜ። ልጄ አባቷን አየችው። መጽሐፉን ከፈተች፣ በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

«ጉድጓዱ አንቺን ይጠይቃል» አለች። «ማን ነሽ? ይላል።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ስለ ራስ መመለስ እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን ዝም ያልኩት ለዚያ አልነበረም። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ አለች። ጉልበቴ ደረሰ አለች። ቆይ-ቆይ «ቆይ» አላለም።

«ለማንበብ ስትቀመጥ ጫማዋን የምታወልቅ ሴት ናት» አለ ባሌ። «እግሯ ካልተፈታ ዓይኗ አይሠራም።»

ልጄ መጽሐፉን አየች፣ የሚታይ ነገር ባይኖረውም። «ውሃው ቆመ» አለች።

ወደ ታች አየሁ። ጫማዎቼ ከጠረጴዛው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መቼ እንዳወለቅኳቸው አላስታውስም። በሩ ተከፈተና ወጣን።